«ስምዎ ማን ይባላል?»

(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ሁለተኛ ቀን ለነርሲንግ ተማሪዎችና ለቀድሞ ምሩቃን የተደረገ ንግግር። ተናጋሪዋ በ1988 ዓ.ም. ከነርሲንግ ትምህርት ክፍል የተመረቁ ናቸው። ጽሑፉ በአዳራሹ እንደተነገረው ቀርቧል።)



የማኅበራችን ጸሐፊ ደውላ «ስለ መድኃኒት አሰጣጥና ስለ መርፌ ለልጆቹ መሠረታዊውን ነገር ንገሪያቸው» ስትለኝ ሳላስብ እሺ አልኩ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ጨነቀኝ። እነዚህ ልጆች ትምህርቱን በክፍል ይማሩታል፣ በስኪል ላብ ይለማመዱታል፣ በፈተናም ይጠየቁታል። ታዲያ እኔ ምን ልጨምርላቸው? መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይዤ መጣሁ፤ እሱም እኔው ራሴ የሠራሁት ስህተት ነው።

በእኛ ጊዜ መርፌ የምንለማመደው ብርቱካን ላይ ነበር። ጓደኞቼ ታስታውሳላችሁ፤ ጠዋት ውኃ የወጋነውን ብርቱካን ከሰዓት በኋላ ሳንበላው የቀረንበት ቀን የለም። (ሳቅ) ብርቱካን እጅን ያለማምዳል፤ አያያዙን፣ አንግሉን፣ አገፋፉን ያስተምራል። አንድ ነገር ግን አላስተማረንም። ብርቱካን ሲጠሩት «አቤት» አይልም።

ሁለቱ ከበደዎች

ተመርቄ ገና ዓመት አልሞላኝም። የምሠራው በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል፣ በወንዶች የውስጥ ደዌ ክፍል ነው። የሌሊት ተረኛ ነኝ። ሠላሳ ምናምን ሕመምተኛ፣ አንዲት ነርስ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ። ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በዚያ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ከበደ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ተኝተዋል። አንደኛው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ከእራት በፊት 10 ዩኒት ኢንሱሊን ታዞላቸዋል። ሁለተኛው የሳንባ ምች ይዟቸው የገቡ፣ ጆሯቸው ብዙም የማይሰማ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው የሚወጉት ፔኒሲሊን ነው። ኢንሱሊኑን አዘጋጀሁና ትሪዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ «አባባ ከበደ!» ብዬ ተጣራሁ።

«አቤት ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

ጠጋ ብዬ «ከበደ ነዎት አይደል?» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡልኝ። ወጋኋቸው።

እስቲ ልብ በሉ። ሰውየው አልዋሹም፤ ከበደ ናቸው። እኔም በራሴ ቤት ጠይቄያለሁ። መድኃኒቱ የታዘዘው ነው፣ መጠኑ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ከቆዳ ሥር መስጠቴም ልክ ነው። በክፍል ከተማርናቸው አምስት ትክክሎች አራቱን አሟልቻለሁ። የቀረኝ አንዱ፣ ሰውየው ነው።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ የሌላኛው ከበደ ልጅ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣና «ሲስተር፣ የአባቴ መርፌ ዛሬ ዘገየ እኮ፤ እራቱ ቀርቦ እየጠበቀ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን በቃል ልነግራችሁ አልችልም። ጉልበቴ ከዳኝ። ሮጬ ተረኛውን ሐኪም አስጠራሁ። ሽማግሌው በሕመሙ ምክንያት ምግብ ከዘጋቸው ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። እኛ ካኑላ ስናስገባ ላብ አጥምቋቸው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ተሰጣቸው፤ ሲነቁልን ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይ። ኢንሱሊኑ ኃይሉን የሚያሳየው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋቸው አጠገብ አልተነሳሁም። ነጋ። ተረፉ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ጠዋት ልጃቸው መጣ። አጠገባቸው የነበሩ አስታማሚዎች ሌሊቱን ምን እንዳደረግሁ ነግረውታል፤ ለምን እንዳደረግሁት ግን አያውቁም። እጄን ይዞ «ሲስተር፣ አባቴን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ዘመንሽ ይባረክ» ብሎ መረቀኝ። እኔም ዝም ብዬ ምርቃቱን ተቀበልኩ።

የክፍሉ ኃላፊ «ተርፈዋል አይደል? በቃ፣ ነገር አታውጪ» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ለእኔ ማዘናቸው ነው። በካርዱ ላይ ግሉኮስ እንደተሰጠ ተጻፈ። ለምን እንደተሰጠ አልተጻፈም። እኔ በኋላ ብዙ ምርቃት ሰምቼ ረስቻለሁ፤ ያ ግን እስከ ዛሬ ይከብደኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ለተተካችው ተረኛ ማንም «በዚህ ክፍል ስም ሲመሳሰል እንዲህ ሆኗል፣ ተጠንቀቂ» አላላትም። እኔም ጭምር።

«አዎ» ማለት አዎ ላይሆን ይችላል

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። ስሙን ራሳችሁ ጠርታችሁ «ነዎት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። በእኛ አገር «አዎ» የአክብሮት ቃል ነው። ሕመምተኛው ያልሰማውንም፣ ያልገባውንም፣ ነጭ ጋወን የለበሰችን ልጅ ላለማስቀየም «አዎ» ይላል። «ስምዎ ማን ይባላል? የአባትዎስ? የአያትዎስ?» በሉ። እሳቸው ይናገሩ፣ እናንተ ስሙ። ቀጥላችሁ የካርድ ቁጥሩን ከመድኃኒት መስጫው ቅጽ ጋር አስተያዩ። ራሱን የሳተ ሰው ወይም ሕፃን ከሆነ አስታማሚው ይንገራችሁ፤ ያም ሆኖ የካርድ ቁጥሩን ማየት አይቀርም።

የአልጋ ቁጥርን መታወቂያ አታድርጉ። «የ7 ቁጥሩ መርፌ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል? ሕመምተኛ እኮ ፀሐይ ፍለጋ ወደ መስኮቱ ይዛወራል፤ ጠያቂ ሲበዛበትም ከጎረቤቱ ጋር አልጋ ይለዋወጣል።

አሜሪካ ያሉ ጓደኞቻችን ትናንት ሲያጫውቱን፣ እነሱ ጋ የሕመምተኛው እጅ ላይ ያለው አምባርና መድኃኒቱ በማሽን ይነበባል፤ ካልተጣጣመ ማሽኑ ይጮኻል። ጥሩ ነገር ነው። እኛ ጋ ግን የሚጮኸው ማሽን እናንተ ናችሁ።

ሦስት ጊዜ ማየት

አምስቱን ትክክሎች ታውቋቸዋላችሁ፦ ትክክለኛ ሕመምተኛ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት። ስድስተኛው ትክክለኛ ምዝገባ ነው፤ ከሰጣችሁ በኋላ ወዲያው፣ የሰጠው ሰው ራሱ ይፈርማል። ከመስጠታችሁ በፊት አትፈርሙ፤ የጓደኛችሁንም አትፈርሙ።

የመድኃኒቱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አንብቡ፦ ከመደርደሪያው ስታነሱ፣ ስትቀዱ፣ እና ሕመምተኛው አጠገብ ቆማችሁ ከመስጠታችሁ በፊት። ተማሪዎች ሦስተኛውን ይዘሉታል፤ «ሁለቴ አይቼው የለ?» ይላሉ። አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት ተማሪ ሴፍትሪያክሶን ዱቄቱን በጥብጣ ወደ ሕመምተኛው ሄደች። ባዶውን አምፑል ትሪዋ ላይ እንድታስቀምጥ አስለምጄያታለሁ። አልጋው አጠገብ ሆና ሦስተኛውን ስታነብ ቆመች። የበጠበጠችበት አምፑል የመርፌ ውኃ አልነበረም፤ ፖታሲየም ክሎራይድ ነበር። ሁለቱም እንደ ውኃ የጠራ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀላቅለው የተቀመጡ። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይቀጥን በቀጥታ በደም ሥር ከተገፋ ልብን ያቆማል። ሁላችሁም ይህን ታውቃላችሁ።

ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች መጥታ «ሲስተር፣ ተሳስቻለሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሠራተኛ ሁሉ ጠርቼ አስጨበጨብኩላት። ያን ቀን ፖታሲየሙ ከሳጥኑ ወጥቶ ለብቻው፣ ቀይ ምልክት ተለጥፎበት ተቀመጠ። ከሃያ ዓመት በፊት እኔ ያላደረግሁትን እሷ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አደረገችው።

ሰዓትና ቁጥር

የእኛ አገር ነርስ በብዙ አገር የሌለ አንድ ወጥመድ አለባት፤ ሰዓታችን። ሐኪሙ 8:00 ብሎ ይጽፋል። ይህ ጠዋት 2 ሰዓት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት? አንዱ ተረኛ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ካነበበው ሕመምተኛው አንዱን መጠን ሁለት ጊዜ ይወስዳል፣ ወይም ጭራሹን ይዘለላል። በየ8 ሰዓቱ የታዘዘ መድኃኒት በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2፣ ከሰዓት 10 እና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሊሰጥ ይችላል። ክፍሉ የሚጠቀምበትን አቆጣጠር ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ ርክክብ ላይም አፍ አውጥታችሁ ተናገሩት። ለሚሸኝ ሕመምተኛ ደግሞ «በቀን ሦስት ጊዜ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። ሦስቱንም ጠዋት ላይ የሚውጥ አጋጥሞኛል። ሰዓቱን ንገሩት፤ መልሶም ይንገራችሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የታዘዘውን በእጃችሁ ላለው አካፍሉ፣ ከዚያ ባለበት የፈሳሽ መጠን አባዙ። ጄንታሚሲን 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊሊትር ውስጥ አለ፤ የታዘዘው 60 ነው። 60 ለ80 ተካፍሎ በ2 ሲባዛ 1.5 ሚሊሊትር ይመጣል። ለሕፃን ከሆነ በኪሎ ስለሚታሰብ ዛሬ መዝኑት፤ ባለፈው ወር ክትባት ካርድ ላይ ያለውን ኪሎ አትውሰዱ። ውጤቱ ግራ ካጋባችሁ፣ ለአንድ ሰው አምስት አምፑል ክፈቱ የሚል ከሆነ፣ ቁሙ። ሌላ ሰው ለብቻው ያስላውና መልሳችሁን አስተያዩ።

ነጥብ ዘዴ አለው። ግማሽ ሚሊግራም ስትጽፉ 0.5 በሉ፤ ዜሮዋን ከፊት አትርሱ፣ ነጥቧ ከደበዘዘች 5 ትሆናለችና። አምስት ስትጽፉ ደግሞ 5.0 አትበሉ፤ 50 ትመስላለች። ኢንሱሊን ላይ «ዩኒት» የሚለውን ቃል ሙሉውን ጻፉ። በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ሲጻፍ ዜሮ ይመስልና 10 የነበረው 100 ይሆናል። ኢንሱሊን በራሱ ስሪንጅ ብቻ ይቀዳል። አንድ ሚሊሊትር 100 ዩኒት የያዘ ስለሆነ 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊሊትር ብቻ ነው፤ በተራ ስሪንጅ በግምት የሚቀዳ ነገር አይደለም።

መርፌው ራሱ

ሕዝባችን መርፌ ይወዳል። «ኪኒን አይዘኝም፣ ውጊኝ» ያላላችሁ ገበሬ ካለ እጃችሁን አውጡ። (ሳቅ) በገጠር መርፌ ወጊ የሚባሉ፣ ከገበያ መድኃኒት ገዝተው ቤት ለቤት የሚወጉ ሰዎች እንደነበሩ የእኛ ዘመን ሰው ያውቃል። የተማረች ነርስ ከእነሱ የምትለየው ጥሩ ስለምትወጋ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደማይወጋ ስለምታውቅም ነው። በአፍ የሚወሰደው የሚበቃ ከሆነ መርፌው ይቅር፤ ሐኪሙንም በትሕትና ጠይቁት።

መውጋት ሲያስፈልግ ቦታውን በእጃችሁ ዳስሳችሁ፣ በዓይናችሁ አይታችሁ ለዩ። ለአዋቂ ክንድ ላይ ከትከሻ አጥንቱ ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ፣ እሱም ትንሽ መጠን ላለው መድኃኒት። ለሕፃን የጭኑ የፊትና የውጭ ጎን መሐል። መቀመጫ ላይ ከሆነ ትልቁ የእግር ነርቭ በዚያ እንደሚያልፍ አትርሱ፤ የዳሌው ጎን የተሻለ ነው። በአንድ መርፌ ምክንያት እግሩን የሚጎትት ልጅ አይቼ አውቃለሁ። እናቱ ትኩሳቱን ልታስታግስለት ነበር ያመጣችው።

ጡንቻ ውስጥ ሲሆን ቀጥ አድርጋችሁ በ90 ዲግሪ፣ ከቆዳ ሥር እንደ ሰውየው ውፍረት ከ45 እስከ 90፣ ቆዳ ውስጥ እንደ ቢሲጂ ሲሆን ተኝቶ ማለት ይቻላል፣ ከ15 ዲግሪ ሳይበልጥ። አልኮል ከቀባችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርጥብ እያለ ሲወጋ ያቃጥላል።

ቤንዛታይን ፔኒሲሊንን ለብቻው ላንሳው፤ ምክንያቱም በአገራችን በልብ ቫልቭ ሕመም የሚሠቃዩ ብዙ ወጣቶች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይወጉታል። ወፍራም ነው፣ መርፌ ይደፍናል፣ ያማል። በደንብ በጥብጡት፣ ወፍራም መርፌ ምረጡ፣ ጡንቻ ውስጥ ጠለቅ አድርጋችሁ በዝግታ ግፉ። ከመግፋታችሁ በፊት ፒስተኑን ሳብ አድርጉ፤ ደም ከታየ አውጥታችሁ በአዲስ ጀምሩ። ለክትባት ይህ መሳብ አያስፈልግም፤ ለዚህኛው ግን አትርሱት። በደም ሥር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ይገድላል። ደግሞም «ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት ተስማምቶዎት ያውቃል? ሽፍታ፣ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር አስከትሎ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። አድሬናሊን ከአጠገባችሁ ሳይኖር አትጀምሩ። ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም፣ ጭን ጡንቻ ውስጥ፤ ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ከተወጋ በኋላም ሰውየውን ግማሽ ሰዓት አቆዩት።

የራሳችሁ ጣት

አንድ መርፌ፣ አንድ ስሪንጅ፣ ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ። ከተጠቀማችሁ በኋላ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑ፤ እዚያው በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣሉት። ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋ። እስኪትረፈረፍ የሚጠበቅ ሳጥን የጽዳት ሠራተኛዋን ነው የሚወጋው፤ እሷ ደግሞ ጓንት እንኳ ሁልጊዜ አታገኝም።

ከተወጋችሁ አትደብቁ። ቦታውን በሳሙናና በውኃ እጠቡ፣ አትጭመቁት፣ ወዲያው ለኃላፊ ተናገሩ። ኤች አይ ቪ ካለበት ደም በመርፌ መወጋት ከሺህ ሦስት ያህል ነው የመያዝ ዕድሉ፤ መከላከያ መድኃኒቱ ግን ቶሎ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሄፓታይተስ ቢ ይብሳል፤ ላልተከተበ ሰው እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ሦስቱን ዙር ክትባት ሳትጨርሱ ክሊኒካል ልምምድ አትውጡ።

ለዘመን ጓደኞቼ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 «መድኃኒት ያለ ጉዳት» የሚል ዓለም አቀፍ ዘመቻ ጀምሯል። ዋናው ሐሳቡ ስህተትን ሰው ላይ ብቻ አታላክኩ፣ አሠራሩን እዩ የሚል ነው። የእኔን ሌሊት በዚህ ዓይን ስታዩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እቀበላለሁ። ነገር ግን አንዲት ነርስ ለሠላሳ ሰው፣ ሁለት ተመሳሳይ ስም ያለ ምልክት፣ ከዚያም በላይ ዝምታው ነበረበት። ስህተቱ የአንድ ደቂቃ ነበር። ዝምታው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ቆየ።

በዚህ አዳራሽ ሜትሮን የሆናችሁ፣ የክፍል ኃላፊ የሆናችሁ፣ መምህራን የሆናችሁ አላችሁ። እነዚህ ልጆች ነገ እናንተ ጋ ነው የሚላኩት። አንዲቷ መጥታ «ሲስተር፣ ተሳስቻለሁ» ስትላችሁ መጀመሪያ ፊታችሁ የሚያሳየውን ነገር ተጠንቀቁ። ከተቆጣችኋት ሁለተኛ አትነግራችሁም፤ መሳሳቷን ግን አታቆምም። መጀመሪያ ሕመምተኛውን አድኑ፣ ቀጥሎ ጻፉት፣ ከዚያ ለቤተሰቡ እውነቱን ንገሩ። ቁጣው ካለ መጨረሻ ይምጣ።

እናንተም ልጆቼ፣ መጠየቅ አያሳፍርም። የሐኪሙ ጽሑፍ ካልተነበበላችሁ ሌሊትም ቢሆን ደውሉ። በስልክ ያዘዛችሁን ጻፉና መልሳችሁ አንብቡለት። ቢቆጣ፣ ይቆጣ። የሐኪም ቁጣ በማግስቱ ይረሳል።

እኔ ዛሬም፣ ሃያ ጊዜ የማውቃቸው ሕመምተኛ ዘንድ ስደርስ ትሪዬን አስቀምጬ እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ ይስቁብኛል። «ሲስተር፣ ትናንት ነግሬሽ የለ? ረሳሽኝ እንዴ?» ይላሉ። «አልረሳሁዎትም አባባ፤ ይንገሩኝ ግን፣ ስምዎ ማን ይባላል?» እላቸዋለሁ።